በስልካችን ላይ ያለው ቀይ ቁጥር ምኑን ነው የሚቆጥረው?

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ ጎንደር አዘዞ በሚገኘው ሰፈራችን የአንዲት ጎረቤታችን ቀብር አመለጠኝ። በልጅነቴ ከቤታቸው እየገባሁ እንጀራ የበላሁ፣ እናቴ ታማ በተኛችበት ጊዜም ሳምንት ሙሉ ምግብ በአገልግል ያመላለሱልን ሴት ነበሩ። የእድራችን ጸሐፊ መርዶውን ሊነጋጋ ሲል በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጽፎታል፤ መልእክቱም ስልኬ ላይ ደርሷል። ማታ ስተኛ በቴሌግራም ምልክት ጥግ ላይ 1,420 ይል የነበረው ቀይ ቁጥር ጠዋት 1,482 ሆኖ አይቼዋለሁ። ከተጨመሩት 62 መልእክቶች አንዱ የእሳቸው መርዶ መሆኑን የሚነግረኝ ግን ምንም ነገር አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ከባለሱቁ ስሰማ ሰው ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ልጃቸውን ላጽናና ስገባ «አላየሁትም ነበር» ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም፤ ቁጥሩን አይቼው ነበርና።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሆኖም ነገሩን ሳሰላስለው ከአንድ ሰው ቸልተኝነት ያለፈ ጥያቄ አገኘሁበት። ያ ቁጥር ሲቆጥር የነበረው ምኑን ነው? ምን እንዲቆጥር፣ ምን እንዲተው የወሰነውስ ማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ፣ በየመንገዱ ማዕዘን እየቆመ ከነፋ በኋላ የሟቹን ስምና የቀብሩን ቦታ ይጠራ ነበር። ጥሩንባው የሚነፋው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ስለሆነ፣ ድምፁን የሰማ ሰው ቃሉን ባይለየው እንኳ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ደጅ ይወጣል። ያ ሥራ ወደ ስልክ ሲዛወር የተዛወረው መልእክቱ ብቻ ነው፤ መርዶን ከሌላው ነገር የሚለየው ድምፅ እዚያው መንገድ ላይ ቀርቷል። በቴሌግራም ምልክት ላይ መርዶ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ የማላውቀው ሰው ለእሑድ መልካም ምኞት ብሎ የለጠፈው የአበባ ሥዕልም አንድ ነው፤ የጫማ ነጋዴው በቻናሉ ያወጣው የዋጋ ቅናሽም አንድ ነው። ሦስቱ ተደምረው ሦስት ይሆናሉ።

ይህ የቆጠራ ዘዴ ሲጀመር ያን ያህል የተለያየ ነገር እንዲደምር የታሰበ አልነበረም። አፕል በ2001 እ.ኤ.አ. ማክ ኦኤስ ኤክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ሲያወጣ፣ ከስክሪኑ ግርጌ ከተደረደሩት ምልክቶች መካከል የኢሜይሉ ምልክት ያልተነበቡትን ደብዳቤዎች ብዛት በቀይ ክብ ውስጥ ያሳይ ነበር። በሰኔ ወር 2007 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው አይፎን ለሽያጭ ሲቀርብ ያው ቀይ ክብ ወደ ስልክ ተሻገረ፤ የሚታየውም በስልክ ጥሪ፣ በአጭር መልእክትና በኢሜይል ምልክቶች ላይ ነበር። በጊዜው ከሌላ አምራች የመጣ መተግበሪያ አይፎን ላይ መጫን አይቻልም ነበር። ስለዚህ በስልክ ጥሪው ምልክት ላይ 2 የሚል ቁጥር ከታየ፣ ሁለት ጊዜ ተደውሎ አልተነሳም ወይም ያልተሰማ የድምፅ መልእክት አለ ማለት ነው፤ በሁለቱም መንገድ ሰው ፈልጎናል ማለት ነው። ነገሩ የተቀየረው የአፕል የመተግበሪያ መደብር በ2008 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ በዓመቱ በሰኔ 2009 ደግሞ ማንኛውም አምራች ከራሱ ሰርቨር (አገልግሎቱን በኢንተርኔት ከሚሰጥበት ኮምፒውተር) ተነስቶ ድምፅ፣ የጽሑፍ ማሳሰቢያና ቀይ ቁጥር ወደ ደንበኛው ስልክ መላክ የሚችልበት አገልግሎት ሥራ ላይ ሲውል ነው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው፣ ሱቁ፣ ባንኩ፣ የዜና ማሰራጫው ሁሉ በቁጥሩ መጠቀም ቻለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ የአሠራር ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነውና። አብዛኞቻችን ቁጥሩን ስልኩ ራሱ ቆጥሮ ያወጣው ይመስለናል። በአይፎን ላይ ግን የመተግበሪያው ሰርቨር ከማሳሰቢያው ጋር አንድ ቁጥር አያይዞ ይልካል፤ ስልኩም የተላከለትን ቁጥር ከምን እንደመጣ ሳይጠይቅ ምልክቱ ላይ ያስቀምጠዋል። 5 ቢላክለት 5 ያሳያል፤ 500 ቢላክለት 500 ያሳያል፤ 0 ሲላክለት ቁጥሩ ይጠፋል። እንግዲህ «ያልተነበበ» የሚባለው ምን እንደሆነ፣ ከሰው የመጣ መልእክት ብቻ ይሁን ወይስ «ይህን ሰው ታውቀው ይሆን?» የሚል ጥቆማ ጭምር፣ የሚወስነው የመተግበሪያው አምራች ነው። አምራቹ ደግሞ መተግበሪያው ቶሎ ቶሎ እንዲከፈትለት ይፈልጋል። ቆጣሪውን በእጁ የያዘው፣ ቁጥሩ ሲያድግ የሚጠቀመው ወገን ነው ማለት ነው።

አንድሮይድ ሌላ መንገድ ሄዷል። ጉግል በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው 8.0 በተባለው የአንድሮይድ ሥርዓት በምልክቱ ጥግ ላይ ቁጥር ሳይሆን ነጥብ ብቻ እንዲታይ አደረገ፤ ነጥቡም በመሠረቱ የተያያዘው ከስክሪኑ ላይ ወደ ታች ተስቦ ከሚታየው ማሳሰቢያ ጋር ስለሆነ፣ ማሳሰቢያው ሲጠረግ አብሮ ይጠፋል። ስልክ ሠሪዎቹ ግን ይህን በየራሳቸው መንገድ ያበጁታል፤ ሳምሰንግ ለምሳሌ በቁጥርና በነጥብ መካከል ተጠቃሚው እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ከዚህ የተነሳ በአንድ የቡና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ሁለት ስልኮች፣ አንድ ዓይነት መልእክት ደርሷቸው፣ አንዱ 40 ሲል ሌላው ነጥብ ብቻ ሊያሳይ፣ ሦስተኛው ቢጨመር ደግሞ ምንም ላያሳይ ይችላል። ቁጥሩ እንደ ሙቀት መለኪያ አንድን እውነት በትክክል የሚያሳይ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ባልተፈጠረ ነበር።

ቀዩ ቀለምም በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም። የሰው ዓይን ከብዙ ቀለማት መካከል ቀዩን ፈጥኖ ይለያል፤ ደም፣ እሳት፣ የሚያስቆም የትራፊክ መብራት ሁሉ ቀይ ናቸው። ቀድሞ በጉግል ውስጥ ይሠራ የነበረውና ኋላ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ትኩረት የመሻማት ልማድ በመተቸት የታወቀው ትሪስታን ሃሪስ፣ ሰዎች የስልካቸውን ስክሪን ወደ ጥቁርና ነጭ እንዲቀይሩ የሚመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ሞክሬው ጥሩ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ነገር ግን ቀለሙን ማደብዘዝ ቁጥሩ የሚቆጥረውን ነገር አይለውጠውም።

ቁጥሩ በአእምሮ ላይ የሚሠራው ሥራ ከቀለሙ ይልቅ ክብደት ያለው ነው። ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1927 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች ጀምረው ያቋረጡትን ሥራ ከጨረሱት ሥራ ይልቅ እንደሚያስታውሱት ገልጻለች። ኋላ ሙከራውን የደገሙ ተመራማሪዎች ሁልጊዜ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ እንደ ሕግ ሊወሰድ አይገባም። ይልቅስ ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ማሲካምፖና ባውማይስተር በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች ያላለቀ ጉዳይ ሐሳብን እንደሚበትን ካሳዩ በኋላ፣ ሰውየው ጉዳዩን ገና ሳይፈጽመው፣ መቼና እንዴት እንደሚፈጽመው ብቻ በግልጽ ሲያቅድ ያ መበተን እንደሚቀር አግኝተዋል። ቀዩ ቁጥር የሚከለክለን ይህንኑ ነው። ያላለቀ ጉዳይ እንዳለብን ይነግረናል፤ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ምንነቱ ላልታወቀ ነገር ደግሞ ዕቅድ አይወጣለትም። «የአክስቴ ልጅ ስለ ሠርጉ ጽፎልኛል፤ ማታ እመልስለታለሁ» ብሎ ማረፍ ይቻላል፤ «37 ነገር አለ» ብሎ ማረፍ ግን አይቻልም።

በዚሁ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ስልኩን ሳያነሱ ማሳሰቢያ መድረሱን ብቻ ያወቁ ሰዎች ትኩረት በሚጠይቅ ሥራ ላይ ስሕተታቸው እንደጨመረ አሳይቷል። ጥናቱ ግን ስለ ድምፅና ንዝረት እንጂ ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ቁጥር አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ አንድ አይደሉም። ድምፅ መጥቶ ያልፋል፤ ቁጥሩ ግን ሰዓት ለማየት ስልካችንን ባነሳን ቁጥር እዚያው ቆሞ ይጠብቀናል።

ሰዎች ይህን የሚቆም ነገር የሚይዙበት መንገድ ሁለት መሆኑን በዙሪያዬ አስተውያለሁ። እንደ እኔ ያሉት ትተውታል፤ ቁጥሩ ሺህ ካለፈ በኋላ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ አሮጌ ካሌንደር ይሆንና ዓይን አያየውም፤ የመርዶው ነገር የሚደርሰውም ያኔ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ዜሮ ካላደረጉት አያርፉም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ከእነዚህ ነው። የተማሪዎቹ፣ የትምህርት ክፍሉ፣ የማኅበሩና የአብሮ አደጎቹ ግሩፖች አሉት፤ ከክፍል ሲወጣ በአንድ እጁ ጠመኔውን ጠርጎ በሌላው 300 መልእክት ሳያነብ እስከ ታች እየጎተተ ያልፈዋል። ቁጥሩ ይጠፋል፤ የተነበበ ነገር ግን የለም።

ይህም ሌላ መዘዝ አለው። ቁጥሩን ለማጥፋት በግል የተጻፈለትን መልእክት ከፍቶ ሲዘጋ፣ በላኪው ስልክ ላይ ሁለተኛዋ ጭረት ትወጣለች፤ ላኪውም «አይቶታል» ይላል። እኛ ዘንድ አይቶ ዝም ማለት ትልቅ ነገር ነው። ሰላምታ ሰጥቶ መልስ ያጣ ሰው በመንገድ ላይ የሚሰማውን ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ያስቀይማል፤ መንገድ ላይ ቢሆን «አልሰማኝም ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል፤ ጭረቷ ግን ማስተባበያ አታስቀርም። ወዳጄ በዚህ የተነሳ ከአንድ የሥጋ ዘመዱ ጋር ለወራት ሳይነጋገር ቀርቶ ነበር። መልእክቱን አላነበበውም፤ ያደረገው ቀዩን ማጥፋት ብቻ ነው። የአምራቹ ሥርዓት ግን መክፈትንና ማንበብን አንድ አድርጎ ይይዛል፤ ይሉኝታ በሚበዛበት ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ የአሠራር ጉድለት የቅያሜ ምክንያት ይሆናል።

ከተማችን ውስጥ ቁጥሩ የሚያድግበት መንገድም ከሌላው ዓለም ትንሽ ይለያል። በቋሚነት ኢንተርኔት የተገናኘ ስልክ ላይ ቁጥሩ ቀስ በቀስ፣ አንድ ሁለት እያለ ይጨምራል። እዚህ ግን ብዙ ሰው የሚጠቀመው የቀን ወይም የሳምንት ፓኬጅ ገዝቶ ስለሆነ፣ ዳታውን ሲፈልግ ያበራል፤ ሲጨርስ ያጠፋል። ዳታው በበራበት ቅጽበት የግማሽ ቀን መልእክት በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ቁጥሩም ከዜሮ ተነስቶ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መቶዎችን ያልፋል። የጥምቀት ሰሞን ይህ ይብሳል፤ ከፋሲለደስ መዋኛ የተነሳ ፎቶ በየግሩፑ አሥር ጊዜ እየተላለፈ ይመጣል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት የቆየበት ጊዜ ደግሞ ስለዚህ ቁጥር ብዙ ያስተማረን ይመስለኛል። በእነዚያ ወራት በስልኬ ላይ ያለው ቁጥር ዳታ በጠፋበት ዕለት የነበረውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዋይፋይ ወዳለበት ቦታ ደርሼ ስልኬ ሲገናኝ ግን ሳላስበው እጄ ተንቀጠቀጠ። የመጣው ቁጥር ብዙ ሺህ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ እኔ የምፈልገው ሦስት ሰዎች በሕይወት መኖራቸውን ብቻ ነበር። ሦስቱን ለማግኘት ከላይ እስከ ታች በስም ፈለግሁ። ቁጥሩ በዚያ ሰዓት ከመንገድ ያገደኝ ነገር እንጂ መንገድ ያሳየኝ አልነበረም።

ከሁሉም ይልቅ በልቤ የቀረው ግን ፒያሳ ካለ አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ያየሁት ነው። የስልኬን ባትሪ ላስቀይር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ሸጠው የሚመለሱ አንዲት እናት ገቡ። ከጉያቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ትንሽ ስልክ አውጥተው ለጠጋኙ ልጅ ሰጡት። «ልጄ፣ ይቺ ቀይ ነገር ደግሞ መጣች፤ እስቲ እይልኝ፤ እሱ ነው?» አሉት። ልጁ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱ አይደለም እማማ፤ የማስታወቂያ ነው» አላቸው። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሄዶ የቀረ ወንድ ልጅ አላቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን ቀይ ማለት «ሰው ፈልጎሻል» ማለት መሆኑን አንድ ቀን ከዚያው ሱቅ ስለሰሙ፣ ቀዩ በታየ ቁጥር ገበያቸውን ለጎረቤት ትተው ይመጣሉ። በዚያ ሳምንት ሦስተኛ መምጣታቸው እንደሆነ ጠጋኙ ነገረኝ።

እኚህ እናት ቁጥሩን የተረዱት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው አይፎን ላይ በነበረው ትርጉሙ ነው፤ ሰው ፈልጎኛል ብለው። ያልተረዱት ከዚያ ወዲህ ትርጉሙ መለወጡን ነው፤ መለወጡንም የነገራቸው የለም። አንድ የዕጣ ወይም የዘፈን ማስታወቂያ ወደ መልእክት ሳጥን ሲላክ ላኪው የሚያስበው የአንድ መልእክት ዋጋ ከምንም የማይቆጠር መሆኑን ነው። ለእሳቸው ግን ዋጋው የግማሽ ቀን ገበያና በየጊዜው የሚሰበር ተስፋ ነው።

ጠጋኙ ልጅ በዚያ ቀን ያደረገው ነገር ጉዳዩ መፍትሔ እንዳለው የሚያሳይ ነው። ልጃቸው ከተገኘ የሚደውለው በኢሞ ወይም በቀጥታ ስልክ መሆኑን ጠየቃቸውና፣ የስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የአጭር መልእክቱንና የሌሎቹን ሁሉ ቁጥር አጠፋ፤ የሁለቱን ብቻ ተወው። ሥራው ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም፤ ገንዘብም አልተቀበላቸውም።

እኔም ከዚያ በኋላ የራሴን ስልክ አስተካከልሁ። ቴሌግራም በማሳሰቢያና ድምፅ ማስተካከያው ሥር ለዚህ ቁጥር ብቻ የተመደበ ክፍል አለው። አንደኛው ማብሪያ ቁጥሩ ጨርሶ ይታይ ወይስ አይታይ የሚል ነው። ሁለተኛው ድምፃቸው የተዘጋ ግሩፖችና ቻናሎች ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ ይላል። ሦስተኛው፣ እጅግ የሚጠቅመውና ብዙ ሰው የማይነካው፣ የሚቆጠረው እያንዳንዱ መልእክት ይሁን ወይስ ያልተነበበ መልእክት ያለበት ንግግር ብቻ ይሁን የሚል ነው። ሦስተኛውን ስዘጋው በስልኬ ላይ የነበረው ከሺህ በላይ የሆነ ቁጥር ወደ 61 ወረደ፤ ሁለተኛውን ስዘጋው 4 ሆነ። ከአራቱ አንዱ የታናሽ እህቴ መልእክት ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

ሁሉንም ማጥፋት ግን የተሻለ መንገድ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በህንድ የስልክ ተጠቃሚዎች ላይ ለሁለት ሳምንት የተደረገ ሙከራ ማሳሰቢያዎቻቸው በቀን ሦስት ጊዜ በጥቅል የደረሷቸው ሰዎች ትኩረታቸውና የመንፈስ ሁኔታቸው እንደተሻሻለ፣ ማሳሰቢያ ጨርሶ የተቋረጠባቸው ግን የሚያመልጣቸው ነገር እንዳለ እየተሰማቸው ጭንቀታቸው እንደጨመረ አሳይቷል። ኢንተርኔት ተቋርጦበት ለከረመ የጎንደር ሰው ይህን ሁለተኛውን ውጤት ማስረዳት አያስፈልግም።

ሸክሙ ሁሉ በተጠቃሚው ላይ መጣሉንም አልቀበለውም። አንድሮይድ 13 በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ መተግበሪያዎች ማሳሰቢያ ከመላካቸው በፊት ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው፤ አይፎን ላይማ ቀድሞም ነበር። ነገር ግን ጥያቄው የሚመጣው መተግበሪያውን ገና ስንከፍት፣ ምን እንደሚልክልን ሳናውቅ ነው፤ በብዙ ሰው ስልክ ላይም በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ፣ አብዛኛው ሰው እንዲያልፍለት ብቻ «ፍቀድ» የሚለውን ይነካል። አምራቾቹ ከሰው የመጣውን መልእክትና ራሳቸው የፈጠሩትን ጥቆማ በአንድ ቁጥር ውስጥ ባይደምሩ፣ የኋለኛውን ያለ ቁጥር ቢያሳዩት፣ የሚቀርባቸው ጥቂት የመክፈት ጊዜ ብቻ ነው። የአጭር መልእክት አገልግሎት የሚሰጡ የአገር ውስጥ ተቋማትም የማስታወቂያ መልእክትን ደንበኛው ፈልጎ ካልጠየቀ በቀር ባይልኩ፣ ከቅዳሜ ገበያ ተነስቶ ፒያሳ ድረስ በከንቱ የሚመላለስ ሰው አይኖርም ነበር።

በእድራችን የሚያዝያ ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አንስቼው ነበር። ከኔ ሌላ ሁለት አባላት በተመሳሳይ መንገድ ቀብር እንዳመለጣቸው ተናገሩ። በመጨረሻ የተስማማነው ግሩፑ እንዳለ ሆኖ፣ ጸሐፊው ብቻ የሚጽፍበት፣ ከመርዶ በቀር ሌላ ነገር የማይወጣበት አንድ ቻናል እንዲከፈትና ሁላችንም ድምፁን ሳንዘጋ እንድንይዘው ነው። ቻናሉ ከተከፈተ ወዲህ የተላለፈበት መልእክት ስድስት ነው፤ ስድስቱም ቀብር ላይ ደርሻለሁ። ስማርት ስልክ ለሌላቸው አባላት ሲባልም አንድ አዛውንት ባቀረቡት ሐሳብ ጥሩንባ ነፊው ወደ ሥራው ተመልሷል።